አንድ ኪራይ፣ ሁለት ከፋይ

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። መንግሥት በቫውቸር ኪራይዋን ያግዛታል። በቅርቡ የሥራ ሰዓቷ ሲቀንስ ከተማው የሚሰጠውን ሌላ የኪራይ እርዳታ አመለከተችና የአንድ ወር ሙሉ ኪራይ ለአከራዩ ገባለት። የቫውቸሩም እንደ ወትሮው ገብቷል። አከራዩ "ትርፍ ብር አለሽ፣ በቼክ ልስጥሽ?" ብሏታል። እሷ ደግሞ ለእናታችን ልትልከው አስባለች። ችግር አለው እንዴ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ አለው እንጂ! ቼኩን እንዳትቀበል ዛሬውኑ ደውልላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቫውቸር፣ እነሱ ሴክሽን ኤይት በሚሉት፣ ተከራዩ በአብዛኛው ተቀናሾች ከወጡለት ገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፤ የቀረውን ቫውቸሩን የሚሰጠው የቤቶች ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል። ኪራዩ 1,500 ዶላር፣ የእሷ ድርሻ 400 ነው እንበል። ከተማው 400ውን ቢከፍልላት ማንም አይጠይቃትም፣ ምክንያቱም ሁለት ቦታ መረዳት በራሱ ጥፋት አይደለም። ከተማው ግን 1,500 ከከፈለ፣ 1,100ው ጽሕፈት ቤቱ የከፈለው ያው ገንዘብ ነው። በኮሮና ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2020፣ ኮንግረስ ለኪራይ እርዳታ 25 ቢሊዮን ዶላር ሲመድብም ሕጉ ከሌላ የፌዴራል የኪራይ ድጋፍ ጋር እንዳይደራረብ ይል ነበር።

ታዲያ ድርብ ክፍያው ሳይታወቅ እንዴት ያልፋል? አንዱ ቢሮ የሌላውን መዝገብ ካላየ፣ በተለይ ደግሞ በስም ብቻ ከፈለገ፣ የእኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጋ በአንድ ዓይነት ሌላው ጋ በሌላ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ አንዷ እህትህ ሁለት ሰው ሆና ትቀመጣለች። እኛም ጋ ቢሆን ያው ነው፤ ድሬዳዋና ሐረር በከተማ ሴፍቲኔት ከታቀፉት ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ናቸው፣ እና በስም ዝርዝር ብቻ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደናግር ቀበሌ የተሰለፈ ያውቀዋል። የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥር አንዱ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለኪራይ ግን የሰው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የቤቱ አድራሻና የተከፈለበት ወርም ከመክፈል በፊት መመሳከር አለባቸው፤ ከወጣ በኋላ ማስመለስ ጣጣ ነው።

እህትህ አሁን ከአከራዩ የሂሳብ መግለጫ ትጠይቅ፣ ማን ለየትኛው ወር ስንት እንደከፈለ የሚያሳይ። ከዚያ ለሁለቱም ቢሮዎች በጽሑፍ ታሳውቅ። ብሩን የሚመልሰው አከራዩ ነው፣ ለማን እንደሚመልስም ቢሮዎቹ ይንገሩት እንጂ እሷ አትወስን። ማመልከቻው ላይ ቫውቸር እንዳላት ጽፋ ከሆነ ስህተቱ የቢሮው ነው፣ ኮፒውን ትያዝ። ደብቃ ከሆነ ግን ቫውቸሯን እስከማጣት ሊያደርሳት ይችላል፤ ቀድማ መናገሯ ይሻላታል።

ሌላም አለ። የሥራ ሰዓቷ መቀነሱን ለቫውቸሩ ቢሮ ነግራለች? ገቢዋ ከቀነሰ የእሷ ድርሻም እንዲቀነስላት መጠየቅ ትችላለች። ብዙ ሰው ይህንን ትቶ ነው ወደ ሌላ እርዳታ የሚሮጠው።