ቤት ወዳዷ ኩሩ ትባላለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ሥራ አለኝ፤ የምኖረው ብቻዬን ነው። ከሥራ እንደ ወጣሁ በቀጥታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በሬን ዘግቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባልደረቦቼ «እንውጣ» ሲሉኝ ሰበብ እደረድራለሁ። ማታ ከደወሉም ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ጥሪው እስኪያቆም እጠብቃለሁ። አሁን አሁን «ኮርታለች» ማለት ጀምረዋል። ሰው አልጠላም፤ ታምሜ ይሆን?
ቤት ወዳዷ

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት መውደድ በሽታ ከሆነ እኔም መድኃኒቱን አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስትነጋገሪ ውለሽ ምሽቱን ለራስሽ ብታደርጊው ማን ምን አገባው? የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ሰዎችን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያዘነብሉ ብሎ ሲከፍል፣ አንዱን ጤነኛ ሌላውን ሕመምተኛ አላለም። ብቻን መሆንና ብቸኝነትም ይለያያሉ። ብቸኝነት የሚፈልጉትን ያህል ቅርበት ማጣት የሚያመጣው ሕመም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ሪፖርቱ ከስድስት ሰዎች አንዱን ያጠቃል ያለው ይህንኑ ነው። በሰው መካከል ተቀምጦም ይሰማል።

ከደብዳቤሽ የከነከነኝ ስልኩ ነው። ደክሞት የሚቀር ሰው «ዛሬ አልችልም» ብሎ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። አንቺ ግን ጥሪው እስኪያቆም ትጠብቂያለሽ። ያኔ ልብሽ ይመታል? ምን ብዬ እናገራለሁ፣ ምን ብለው ያሙኛል እያልሽ ትጨነቂያለሽ? እንዲያ ከሆነ ቤት ያስቀረሽ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፦ በሸሸሽው ቁጥር ለጊዜው እፎይ ትያለሽ፤ ያ እፎይታ ስለሚጣፍጥ በሚቀጥለው ጊዜ መሸሹ ይቀልሻል፣ መውጣቱ ይብስ ይከብድሻል። ሥራሽን ወይም ወዳጅነትሽን መጉዳት ከጀመረ የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ፤ በምክክር የሚታከም ነገር ነው።

ፍርሃት ከሌለብሽ ሰበብ መደርደሩን ተዪው። ዛሬ ራሴን አመመኝ፣ ነገ እንግዳ መጣብኝ፤ ሰው ይህን ቶሎ ይነቃበታል፣ «ኮርታለች» ያሰኘሽም ይኸው ይመስለኛል። «ግርግር ያደክመኛል፤ አንድ ሁለታችሁ ግን ቅዳሜ ቤቴ ኑ» በያቸው። ጫማ ማድረግም አይጠበቅብሽም። አልሄድ ብሎ የሚያስቸግር እንግዳ ከገጠመሽ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ለእሱም ምክር አላጣም።