ራጁ «ደህና ነው» ካለ በኋላ የተገኘ የዳሌ ስብራት፤ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ እናቴ የ72 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የምንኖረው ሞጣ አካባቢ ነው። ባለፈው ጥር ሳይወድቁ ሳይመቱ ወገባቸውንና ብሽሽታቸውን አሟቸው መራመድ አቃታቸው። ሆስፒታል ወስጄያቸው ራጅ ተነሡ፤ «አጥንቱ ደህና ነው፣ ቁርጥማት ነው» ተብለው ማስታገሻ ተሰጣቸው። ስለባሰባቸው ሁለት ጊዜ ተመለስን፤ ያው ማስታገሻ ተደገመ። በመሀሉ ወጌሻም አሽቷቸዋል። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ኤምአርአይ ሲነሡ የዳሌ አጥንታቸው ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ራጁን አይቶ ደህና ነው ያለውን ሐኪም መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ክሱን ግን በመጀመሪያው ራጅ ላይ ከመሠረቱት የሚረቱ አይመስለኝም። ጉዳይዎ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉብኝት ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ስብራቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የወር አበባቸው ከቆመ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች አጥንት ሲሳሳ መቆም፣ መራመድና መስገድ እንኳ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ወይም ለማኅፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና የተደረገላቸው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ስንጥቁ የሚበዛው ከወገብ ግርጌ ባለው ሳክረም በሚባለው ሰፊ አጥንትና በፊት በኩል በብሽሽት አጥንት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። ሳክረም ጎባጣ ከመሆኑም በላይ በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ስለሚጋርደው ራጅ ብዙ ጊዜ ሳያሳየው ያልፋል። ኤምአርአይ የመቅኔውን እብጠት ስለሚያሳይ ቀድሞ ይደርስበታል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ የስንጥቁን መስመር ያወጣል።

የሆስፒታሉ ጠበቃ ይህንኑ ይዞ ይቀርባል፤ ራጁ ያላሳየውን ሐኪሙ ከየት ያምጣው ይላል። እውነቱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርገው ከሳይንሱ ወይም በሙያው ከታወቀው አሠራር አንጻር ግዴታውን አለማወቁ ወይም ቸልተኝነቱ ሲረጋገጥ ነው። ሕክምናው አለመሳካቱ ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ነገር ግን ማስታገሻ ያልረዳቸው፣ መቆም ያቃታቸው አዛውንት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ያንኑ ኪኒን ጽፎ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ይህ ስብራት በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ነው፤ «አዲስ በሽታ ነው» የሚል መከላከያ አያስኬድም። «ኤምአርአይ የለንም» ቢሉም ለምን ሪፈር እንዳልጻፉ አሁንም መልስ አላገኘም።

ስለዚህ የሦስቱንም ጉብኝት የሕክምና ካርድ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልሰጡ ፍርድ ቤት እንዲያስቀርብ ማመልከት ይቻላል። ከባሕር ዳር ደግሞ ምስሉንም ሪፖርቱንም ይውሰዱ፤ በተለይ አንባቢው የራዲዮሎጂ ሐኪም ስብራቱ ትኩስ ይሁን የቆየ የጻፈውን ይፈልጉ። ትኩስ ነው ካለ፣ ሆስፒታሉ «በጥር አልነበረም፣ በኋላ የመጣ ነው» ማለቱ አይቀርም። ዳኛ ምስል አያነብም፤ የአጥንት ወይም የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት አስተያየት እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ከዚያ ምስክርነት ውጭ ክሱ ባዶ ነው።

ወጌሻውን አይደብቁ። ካርዱ ላይ ባይጻፍም በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል። በቁጥር 2098 መሠረት ለጉዳቱ የተበዳዩ ጥፋት ድርሻ ካለው ካሣው ይቀነሳል፤ መታሸቱ ስንጥቁን አባብሶ እንደሆነ የሚመልሰው ያው ስፔሻሊስት ነው።

የካሣው መጠንም ያሳዝንዎታል። ይህ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል፤ በጊዜው ቢታወቅም ሕክምናው ማስታገሻ፣ ምርኩዝ፣ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስና የአጥንት መሳሳት መድኃኒት በሆነ ነበር። የሚጠይቁት መዘግየቱ የጨመረውን ብቻ ነው፤ ለከንቱ ምልልስ የወጣውን ገንዘብ፣ የተራዘመውን አልጋ ላይ መዋል፣ ከዚያ የመጣ ሌላ ጉዳት ካለ እሱን። ደረሰኝ ያስቀምጡ። ለደረሰባቸው ሥቃይ የሚከፈለው የሕሊና ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ሕጉ በ1952 ሲወጣ የወግ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የአንድ ኤምአርአይ ዋጋ አይሸፍንም። ይህን አንቀጽ ሕግ አውጪው እስካሁን አለመንካቱ ይገርመኛል።

ከሳሽዋ እናትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ልጅ በውክልና ወላጁን ወክሎ መከራከር ስለሚችል ውክልናውን አስቀድመው ያስጽፉ። ተከሳሹም ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ቁጥር 2651 የሕክምና ተቋሙን በቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል፣ የመክፈል አቅም ያለውም እሱ ነው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካቃታችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል።

ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስ ቁጥር 2143 የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ከሰኔ ሳይሆን ከጥር ይቁጠሩት። የሕክምና ውል ነበረን በማለት የአሥር ዓመቱ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይገባናል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን በዚያ ተስፋ አድርገው እንዲዘገዩ አልመክርም። የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር ለሚመረምረው ኮሚቴ አቤቱታ ማቅረብም ጥሩ ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ውሳኔውም በማስረጃነት ይጠቅማል። ኮሚቴው ግን ካሣ አይከፍልም፣ አቤቱታውም ይርጋውን አያቋርጥም፤ መልሱን እየጠበቁ ሁለቱ ዓመት እንዳያልፍብዎ።