ካርድ ክፍል ምን ብለህ ነበር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። ፒያሳ አካባቢ በርና መስኮት በሚሠራ ብየዳ ቤት ተቀጣሪ ነኝ። ጥር ላይ በግራይንደር ብረት ስቆርጥ ስባሪው የግራ ጠቋሚ ጣቴ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል አጥበው፣ አሽገው ሸኙኝ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። በ5ኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ራጅ ስነሳ ስባሪው እዚያው ነበር። ቀደው አወጡልኝ፤ ጣቴ ግን እስካሁን በደንብ አይታጠፍም። ኢንሹራንሱ በካርዶቼ ላይ ያለውን ኮድ አይቶ «የሥራ ላይ አደጋ አይደለም» አለኝ። ኮዱን ያሳሳተውን ሆስፒታል መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። የላክልኝን የካርዶች ፎቶ አየሁት። ሦስት ኮዶች፣ ማለትም ሕመምን ወይም አደጋን በፊደልና በቁጥር የሚገልጹ የሕክምና መለያዎች አሉ።

በመጀመሪያው ሆስፒታል የተጻፈው ኤስ 60 ነው፤ የእጅ ላይ ላዩን ጉዳት ማለት ነው። ተራ ስንጥር የሚገባው እዚህ ነው። ጥልቅ ክፍት ቁስል ቢሆን ኤስ 61 ይባል ነበር። ሁለተኛው ተቋም ኤም 79.5 ብሏል፤ ሥጋ ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር ነው። ይህ ኮድ ያለው በጡንቻና አጥንት ሕመሞች ምዕራፍ እንጂ በአደጋ ምዕራፍ ስላልሆነ ኢንሹራንሶች «በሽታ ነው» ለማለት ይመቻቸዋል። እነዚህን ሁለቱን ሐኪም በማብራሪያ ደብዳቤ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

የኔ ራስ ምታት ሦስተኛው ነው። ዳብልዩ 45.0። ዳብልዩ 45 ባዕድ ነገር በቆዳ መግባቱን ይናገራል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። 6 ቢሆን የኢንዱስትሪና የግንባታ ቦታ ነው። 0 ግን መኖሪያ ቤት ነው።

ኮድ የሚሞላ ሰው ይህን ከኪሱ አያወጣም። ካርዱ ላይ ተጽፎ ያገኘውን ነው ወደ ቁጥር የሚለውጠው። እንግዲህ ያልጻፍክልኝን ልጠይቅህ፦ ሆስፒታል ማን ወሰደህ? ካርድ ክፍል «የት ተመታህ?» ሲሉህ ምን አልክ?

ልገምት። ፎርማኑ ወይም ባለቤቱ አብሮህ ሄደ። ታክሲ ውስጥ «ቤት ነው በል፣ ነገር እንዳይበዛ፣ ሕክምናውን እኔ እችላለሁ» አለህ። አንተም አልክ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ፤ ግን በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ቢሮዬ የሚመጣው ጣት ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ፋሻና መርፌ ይከፍላል። ቁስሉ ሲመረቅዝ ስልክ አያነሳም። ያኔ እጅህ ላይ ያለው ሰነድ በራስህ አንደበት የተሰጠ፣ በራስህ ላይ የሚመሰክር ነው። ለአንተ ብሎ የሚዋሽ አሠሪ የለም፤ ለራሱ ነው። ይህን አለማወቅህን አልፈርድብህም። ስትጽፍልኝ መዝለልህ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ለጠበቃ የተደበቀ ነገር ችሎት ላይ ነው የሚወጣው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ አለ። አንዱ ወዳጅህ «ካርድ ክፍል ሰው አለኝ፣ ቀይሮ ይሰጥሃል» ይልሃል። እንዳታደርገው! የተፋቀ ካርድ እውነተኛውን አደጋ ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ የወንጀል ክስም ያመጣብሃል። ትክክለኛው መንገድ ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ማመልከት ነው። የቀድሞው ጽሑፍ ሳይነካ፣ አደጋው የት እንደደረሰ የሚገልጽ ማስታወሻ በዛሬ ቀን ይታከልበት። ማመልከቻውን ጠበቃ ሳያየው አታስገባ።

ማስታወሻው ብቻውን አይበቃም። ጥር ላይ የተፈረመ የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ አብረውህ የነበሩ ሠራተኞች፣ ከፎርማኑ ጋር የተላላክኸው የቴሌግራም መልእክት፣ የራጁ ፊልም፣ የሁለቱም ካርዶች ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስፈልጉሃል። መልእክቶቹን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርግ። ስልክ ይጠፋል።

የቀረውን በአጭሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለሥራ ላይ አደጋ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሆን ብለህ የተሰጠህን የደኅንነት መመሪያ ከጣስክ ግን ሊከራከርህ ይችላል፤ ጓንት ተሰጥቶህ ነበር? እሱንም ንገረኝ። ሕክምናው የአሠሪው ወጪ ነው። መሥራት ላልቻልክበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈልሃል። ጣትህ በቋሚነት ከተጎዳ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው።

ሆስፒታሉን በኮዱ መክሰስ አያዋጣህም፤ የነገርከውን ነው የጻፈው። በመጀመሪያው ቀን ራጅ አለማንሳቱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሰነድ ሳላይ አፌን አልሞላም። ክርክርህ ከአሠሪህ ጋር ነው። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ግን አይጠብቅህም። በአዋጁ ጠቅላላው ጊዜ 1 ዓመት ቢሆንም የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ጥር ካልን እየሄደብህ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጠበቃ ፊት ተቀመጥ፣ እኔ ካልሆንኩ ሌላ።

ስትሄድ ሕክምናው ሲከፈልልህ የፈረምከው ወረቀት ካለ ይዘህ ሂድ። አልፈረምኩም አላልክም፤ ዝም ነው ያልከው።