ጥያቄ አለኝ፦ የአባቴን ካሴቶች ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አገኘን። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከሬዲዮ የቀዳቸው ናቸው። ኳስ አለ፣ ትረካ አለ፣ ዘፈን አለ፤ ግማሹ ምንም አልተጻፈበትም። እናቴ አንዱም አይጣልም ብላለች። ወንድሜ ደግሞ «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ቤት አናጣብብ» ይላል። ማናቸው ናቸው ልክ? ቴፕ እንኳ የለንም፣ ከየት እንጀምር?
(የአራዳ ልጅ)

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ወንድምሽም ቢሆን ዝም ብሎ አላወራም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተረከበት ድምፅ ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ እጅ ላይ አለ። በ1980 ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ያልሰማ ሰው ካለ፣ እሱ ኳስ አይወድም ማለት ነው። እነዚህን ለመጨረሻ አቆዪአቸው።

መጀመሪያ እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂ። አባትሽ የሚቀዱት በምን ነበር? ሬዲዮና ቴፑ አንድ ላይ ከነበረ የገባው የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ነው። ሬዲዮው ለብቻ፣ ቴፑ ለብቻ ከነበረ ግን ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደቅነው ነው የሚቀዱት፣ ስለዚህ ቤቱም ግቢውም አብሮ ገብቷል፤ ቡና ሲወቀጥ፣ ጎረቤት «ቤቶች!» ብላ ስትገባ፣ አንቺ ስታለቅሺ፣ አባትሽ «ዝም በሉ፣ ዜና ነው!» ሲሉ። ይሄ ዩቲዩብ ላይ የለም። እኔን ከጠየቅሽኝ ከኳሱም ከትረካውም ይበልጣል። መጀመሪያ የሚገለበጠውም እሱ ነው።

ያልተጻፈባቸው መቼ እንደተቀዱ ለማወቅ የጣቢያውን ስም አዳምጪ። «የምሥራች ድምፅ» ሲል ከሰማሽ ቢዘገይ እስከ 1969 ድረስ የተቀዳ ነው፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የነበረውን ያን ጣቢያ ደርግ የወረሰው በዚያ ዓመት ነው፣ ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ፋና ከሆነ ከ1987 ወዲህ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1 ከሆነ ከ1992፣ ሸገር ከሆነ ከ2000። ማስታወቂያ ከመጣ ደግሞ አትዝለዪው! ትረካና ዘፈን የሚሰበስብ ሞልቷል፣ የሳሙና ማስታወቂያ ብሎ የሚያስቀምጥ ግን ማን አለ?

ቴፕ መርካቶ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ጠይቂ። ስትገዢ እዚያው አስከፍተሽ ስሚው፣ ያውም በማያሳዝንሽ ካሴት፤ ጎማው የላላ ቴፕ ክሩን በልቶ ቁጭ ይላል። የቴፑን ጭንቅላት፣ ማለትም ክሩ የሚነካውን ድምፅ አንባቢ ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ጥረጊው። ካሴቶቹ ላይ ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሪያቸው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ልጅ መቅጃውን ቢጫን እንኳ አይጠፋም። የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ አጥብቂ፣ መቼም ይሄን ላንቺ አልነግርሽም። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካየሽ ግን አታጫውቺው፣ ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዪ።

ስልክ ስፒከሩ ፊት አስቀምጦ መቅዳት ይቅርብሽ። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኚና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቅጂ። ዋናውን ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ አስቀምጪ፣ ለቤተሰቡ ቴሌግራም የምትልኪውን በኤምፒ3። ዋቭ ቦታ ይበላል፣ የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ አድርጊው፣ አንዱ ወንድምሽ ቤት ይቀመጥ። ቦታ ይዞብኛል ማለቱንም ያቆማል።

እየገለበጥሽ ሳለ እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ክፈቺ። ያ የሚስቀው ሰውዬ ማን ነው? ሬዲዮ ለመስማት የሚሰበሰበው ማን ቤት ነበር? የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ማን ነበር? ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ የተቀጣጠሩት ከማን ጋር ነው? (ይሄኛውን አባትሽን ለማያካትት መልስም ተዘጋጂ።) አጠያየቅ ከቸገረሽ የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ስሚ፤ እንግዳዋን ስለ ልጅነቱና ስላደገበት ሰፈር ስታስወራ ሌላው ታሪክ ሳይጎተት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ኤፍኤም አለ፣ ግን ኢርፎን ካልሰካሁ አይከፈትም። ተበላሽቶ ነው ወይ?
(ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ደህና ነው። አንቴናው የኢርፎንህ ገመድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ብሉቱዝ አይሠራልህም፣ ባለ ገመዱን ያዝ። ከፈለግክ ገመዱን ሰክተህ ድምፁን በስፒከር ማድረግ ትችላለህ። አጭር ሞገድ ግን በዚያ ስልክ አትሞክር፣ ለሱ ያው ድሮ የምናውቀው ሬዲዮ ያስፈልጋል።