መምህሩ ሲፈጥን

ልጆቼ፣ ደሴ የምትማር አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ መምህሩ ሲፈጥንብኝ እንዴት ልከተለው?» ብላ ጠይቃኝ ነው ይህን የምጽፈው። አብሽሩ፤ ሁሉን እየጻፋችሁ መከተል አይጠበቅባችሁም። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር በደቂቃ ከ100 ቃል በላይ ይናገራል፤ እጅ በዚያው ደቂቃ 25 ቢጽፍ ነው። ሁሉን ልጻፍ ያለ ሰው ግማሽ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይወጣል፤ የጻፈውንም ልብ ብሎ አልሰማውም።

ይልቅ ገጹን አስቀድማችሁ ክፈሉት። ከግራ 6፣ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ፤ ክፍል ውስጥ የሚጻፈው በሰፊው የቀኝ ክፍል ላይ ብቻ ነው። አከፋፈሉን ያስፋፋው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፓውክ ነው። ለወሎ ሰው ግን ህዳግ እንግዳ አይደለም፤ ኪታብ የሚቀራ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ማብራሪያውን ከጽሑፉ ዳር ያሰፍራል፤ ሐሺያ ይሉታል።

መምህሩ ስለ አፈር መሸርሸር እያስተማረ ነው እንበል። «ተዳፋቱ ሲረዝም ጎርፉ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ብዙ አፈር ይሸከማል፤ እርከን የምንሠራው ተዳፋቱን ቆራርጠን ለማሳጠር ነው» አለ። ደብተራችሁ ላይ፦

ርዝመት ↑ → ፍጥነት ↑ → አፈር ይጠረጋል፤ እርከን = ርዝመት ↓

በቃ። ቀስቱ «ለምን» የሚለውን ይዟል፤ ፈተናም የሚጠይቀው እሱን ነው። ብዙው ተማሪ «እርከን ጠቃሚ ነው» ብሎ ጽፎ ይወጣል፤ ከወር በኋላ በምን እንደሚጠቅም ቢጠየቅ ደብተሩ አይነግረውም።

ሁሉን አትጻፉ አልኩ እንጂ፣ ብያኔ፣ ቀመርና ቁጥር ሲመጣ ግን ቃል በቃል ጻፉ። መለኪያውንም ጭምር፤ ሜትር ይሁን ሴንቲ ሜትር ያልታወቀ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ሲሆን አብዛኞቻችሁ እንግሊዝኛውን ትገለብጣላችሁ። ስላይዱ በቴሌግራም ይደርሳችኋል፤ የሚጠፋው በአማርኛ የተነገረው ነው። በሰማችሁበት ቋንቋ ጻፉት፤ እየተረጎሙ መጻፍ ቀጣዩን ነጥብ ያስመልጣል። ካመለጣችሁም ሦስት መስመር ባዶ ትታችሁ እለፉ። ጎረቤታችሁን እዚያው ከጠየቃችሁ የሚቀጥለው ለሁለታችሁም ያመልጣል።

ሰሌዳ ባየ ቁጥር ስልክ ማንሳት የዘንድሮ ልጅ አመል ሆኗል። ካርታ ወይም ውስብስብ ንድፍ ከሆነ ይሁን፤ ሌላው ፎቶ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ሳይታይ ይከርማል።

የግራው ባዶ ቦታ የሚሞላው በዚያው ምሽት ነው፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪ። እያንዳንዱን ነጥብ ጥያቄ አድርጉት፦ «እርከን ጎርፍን እንዴት ያዘገያል?» ቀኙን በወረቀት ሸፍናችሁ መልሱ፤ ከታች ባለው ቦታ የትምህርቱን ፍሬ ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። ደብተሩን በንጹሕ መገልበጥና በአራት ቀለም ማሳመር ለእኔ ጊዜ መግደል ነው።

ማብቂያው ላይ ሁሉም ቦርሳውን ሲዘጋ መምህሩ ጣል የሚያደርጋት ነገር አለች፤ «ይቺን በደንብ እዩዋት» የምትባለው። ብዙ ጊዜ ፈተና ላይ የምትመጣው እሷ ናትና፣ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ እስክሪብቶ አትክደኑ።