የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከተጫዋቾች ጋር ስንገናኝ ምን እንጠይቅ?

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ከደጋፊ ማኅበር፣ ከታዳጊ ተጫዋቾችና ከወላጅ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ከፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ጋር ፊት ለፊት የመነጋገር ዕድል አግኝተው በቂ መልስ ሳያገኙ የተመለሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክለባችን አራት ተጫዋቾችን ከደጋፊዎች ጋር ሊያገናኝልን ፈቅዷል። ርዕሱ ልምምድና የተጫዋችነት ሕይወት ነው። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ዝግጅት አድርገን በንግግርና በፎቶ አለቀ። ዘንድሮ ታዳጊዎቻችን እንዲጠቀሙበት ምን እናድርግ?
የደጋፊ ማኅበር አስተባባሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የጨዋታ መርሃ ግብሩን እዩ። በጨዋታ ማግስት ተጫዋቹ ሰውነቱ ዝሏል፣ በማገገሚያ ልምምድ ላይ ነው። በጨዋታ ዋዜማ ደግሞ አሰልጣኙ አይለቅላችሁም፤ መልቀቅም የለበትም። እሑድ ለተጫወተ ቡድን የሚሻለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከባዱ ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ረቡዕና ሐሙስ ስለሆነ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ በመቆየቱ ቡድኖች ሳምንታት ሙሉ ከደጋፊያቸው ርቀው ሆቴል ይሰነብታሉ። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ከተማው የሚመለስበትን የእረፍት ጊዜ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጎል አግቢውን ብቻ አትጥሩ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ይዞርና ሌሎቹ ዝም ብለው ተቀምጠው ይመለሳሉ። አንድ ግብ ጠባቂ፣ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ አንድ ተጫዋች፣ ዘንድሮ ከተስፋ ቡድን ያደገ አንድ ወጣትና አንድ አንጋፋ ብትመርጡ ይሻላል። ከእነሱ ጋር የቡድኑ ወጌሻ ወይም የአካል ብቃት አሰልጣኙ ቢገኝ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ተጫዋቹ የሚሠራውን ልምምድ በደንብ ያውቀዋል፤ ለምን በዚያ ቀን በዚያ መጠን እንደሚሠራው የሚያብራራላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ባለሙያው ነው።

ጥያቄዎቹን ከሳምንት በፊት በወረቀት ሰብስቡና ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጉ። ከዚያ ጥያቄውን አጥብቡት። «እንዴት ለዚህ በቃህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «በጥረትና በፈጣሪ እርዳታ» የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። መልሱ እውነት ነው፣ ለታዳጊው ግን ነገ ጠዋት ምን መሥራት እንዳለበት አይነግረውም። «በ15 ዓመትህ በሳምንት ስንት ቀን ትለማመድ ነበር? ትምህርት ቤት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነበርክ? በደካማው እግርህ ለብቻህ ምን ትሠራ ነበር፣ ስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን የሚቆጠር መልስ ይሰጣችኋል። ከጉዳት የተመለሰውን በመጀመሪያው ወር ምን እንደተከለከለ፣ ኳስ መቼ እንደነካ፣ ከቡድኑ ጋር መቼ እንደተቀላቀለ በቅደም ተከተል ጠይቁት። ስለ ገንዘብ ሲነሳ የደመወዙን መጠን ተዉትና «ውል ስትፈርም ሳታነብ ያለፍከው ነጥብ የትኛው ነው?» በሉት።

ለጠቅላላው 90 ደቂቃ ይበቃል። 10 ደቂቃ ለማስተዋወቅ፣ 50 ለጥያቄና መልስ፣ 20 ሜዳ ላይ ወርዶ አንድ የማሟሟቂያ ልምምድ ለማሳየት፣ የቀረው ለፊርማና ለፎቶ። ፎቶው መጨረሻ ላይ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ ከተደረገ ግማሹ ሰው ፎቶውን ይዞ ይወጣል። ማይክራፎኑን መድረክ መሪው ይያዘው እንጂ ለጠያቂ አትስጡ። አንዴ ከተሰጠ ጥያቄው ንግግር ይሆናል፣ በተለይ ቡድኑ በተሸነፈበት ሳምንት። ስለ አሰላለፍና ስለ አሰልጣኙ ውሳኔ እንደማይጠየቅ በመክፈቻው ላይ ተናገሩ፤ ተጫዋቹ በዚህ ላይ የሚሰጠው ቃል በክለቡ ሊያስቀጣው ይችላል። ታዳጊዎቹን ፊት ለፊት አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፤ በፕሮጀክት ቡድን የመስመር አጥቂ ሆኜ እጫወታለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያው የጭኔ የኋላ ጡንቻ ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። ወደ ከተማችን የመጡ ተጫዋቾችን ስጠይቃቸው «ኖርዲክ ሥራ» ብለውኝ ጊዜው አለቀ። እንዴት ነው የሚሠራው?
ከደሴ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የነገሩህ ትክክል ነው፤ የቀረው አሠራሩ ነው። በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ፣ ወደ ፊት የተወረወረው እግርህ መሬት ከመርገጡ በፊት የሚገታው ሃምስትሪንግ የምንለው የጭን የኋላ ጡንቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ጡንቻው እየተለጠጠ ኃይል ያወጣል፤ በሩጫ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው። ኖርዲክ ጡንቻውን የሚያስለምደው ይህንኑ ነው።

ሣር ላይ ወይም በታጠፈ ፎጣ ላይ ተንበርከክ። ጓደኛህ ከኋላህ ሆኖ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶችህን መሬት ላይ አጥብቆ ይያዝልህ። ከጉልበትህ እስከ ጭንቅላትህ ቀጥ በልና ቀስ እያልክ ወደ ፊት ውረድ። መቋቋም ሲያቅትህ በመዳፎችህ መሬቱን ተቀበል፣ በእጆችህ ገፍተህ ተመለስ። ሥራው ያለው በመውረዱ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 5 ጊዜ በሁለት ዙር ሥራ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን፣ 6 ጊዜ በሁለት ዙር። በሦስተኛው ሦስት ቀን፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ በሦስት ዙር። በአራተኛው ሦስት ቀን፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በሦስት ዙር። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ሦስት ቀን፣ የመጀመሪያው ዙር 12፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 8። ይህ በጥናት የተፈተሸ መርሃ ግብር ነው። ውድድር ላይ ካለህ በሳምንት ሦስት ቀን ሊከብድህ ይችላል፤ ያኔ ቀኑን ቀንስ እንጂ ጨርሰህ አታቁም።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ብዙ ልጆች ወገባቸውን አጥፈው ይወርዳሉ፤ ያኔ ጭነቱ ከጡንቻው ላይ ይነሳል። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን 30 ጊዜ ይሠሩና ሦስት ቀን መራመድ ያቅታቸዋል፣ ከዚያም ይተዉታል። ሦስተኛ፣ በጨዋታ ዋዜማ ይሠሩታል። ከጨዋታው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ አትሥራው። በማግስቱ ጡንቻው በሞላ ቢያምህ የተለመደ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ከተሰማህ ግን አቁም።

ሁለት ጊዜ መጎዳትህ የሚያሳየው ሳይድን መመለስህን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጡንቻ ትልቁ የአደጋ ምልክት ቀድሞ መጎዳቱ ነው። ወደ ጨዋታ ከመመለስህ በፊት እግርህን ስትዘረጋ ከጤነኛው እግር እኩል መዘርጋት አለበት፣ ያለ ሕመም። ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ በ70 በመቶ ፍጥነት፣ ከዚያ በ90፣ መጨረሻ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሮጠህ ሳያምህ ስትቀር ነው ለጨዋታ የምትሰለፈው። እያንዳንዱን ደረጃ በተለያየ ቀን ፈትነው። በተጎዳህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አትታሽ፣ ትኩስ ነገርም አታድርግበት፤ መድማቱን ያብሰዋል። መርገጥ ካቃተህ ወይም ጭንህ ከጠቆረ ሐኪም ይይህ።

ለአሰልጣኝህም ንገረው፤ ፊፋ ያወጣው «11 ፕላስ» የተባለ የማሟሟቂያ መርሃ ግብር አለ። 15 እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ኖርዲክም ውስጡ አለ። ከኳስ በቀር ሌላ መሣሪያ አይፈልግም፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሠራው ቡድን ጉዳቱ በግልጽ ይቀንሳል። በየሜዳው አለመሠራቱ ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። አንድ «ኤጀንት ነኝ» የሚል ሰው አውሮፓ ውስጥ ሙከራ እንዳገኘለት ነግሮን ለማስኬጃ በዶላር ክፍያ ጠይቆናል፤ ፓስፖርቱንም እንድንሰጠው ይፈልጋል። ልጄ «ዕድሌን አታበላሹብኝ» እያለ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናታችን፣ ገንዘቡንም ፓስፖርቱንም አይስጡ። በፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ተዛውሮ መመዝገብ የሚችለው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ከተዛወሩ፣ ወይም ተጫዋቹ ከ16 ዓመት በላይ ሆኖ ዝውውሩ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ከሆነ። ከአዲስ አበባ ብቻውን የሚሄድ የ16 ዓመት ልጅ በእነዚህ አይሸፈንም። ሰውየው የሚለው ሙከራ እውነት ቢሆን እንኳ ክለቡ ልጁን ማስመዝገብ አይችልም። ተታልለው የሄዱ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ቪዛው ያልቃል፣ ደላላው ስልክ አያነሳም።

ሰውየውን ለማጣራት ሦስት ነገር ያድርጉ። የፊፋ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ሙሉ ስሙን በፓስፖርቱ እንዳለው ይጠይቁና ይፈልጉት። የመጋበዣ ደብዳቤ ካሳየዎት በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ የክለቡን አድራሻ ከራሱ ከክለቡ ድረ ገጽ ወስደው ይጻፉ። ልጅዎ የተመዘገበበት ክለብ ካለም ጥሪው በክለቡ በኩል መጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ወኪሉ ፈቃድ ያለው እንኳ ቢሆን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ማነጋገር የሚችለው ልጁ በሚቀጠርበት አገር ሕግ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም ከሚችልበት ዕድሜ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥና በወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። ክፍያውም የሚታሰበው ከተፈረመ ውል ላይ ነው፤ ከወላጅ ኪስ ለሙከራ የሚጠየቅ ገንዘብ የሥርዓቱ አካል አይደለም።

ለልጅዎ ይህን ይንገሩት። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ የሄደው እ.ኤ.አ. በ2013፣ በአፍሪካ ዋንጫ ከተጫወተ በኋላ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና በሊጉ 29 ጎል ካገባ በኋላ ነው ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የተዛወረው፤ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም የታዩት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። እስከዚያው ግን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የት የት እንደተጫወተ የሚያሳይ የምዝገባ ማስረጃ ያሰባስቡለት። በደንቡ መሠረት ያሠለጠኑት ክለቦች ወደፊት የማሠልጠኛ ካሳ የሚያገኙት በዚያ ማስረጃ ስለሆነ፣ መዝገቡ የተስተካከለ ልጅ ሲዛወር ውዝግብ ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ በሴቶች ቡድን አማካይ ነኝ፤ 58 ኪሎ እመዝናለሁ። በሁዳዴ ጾም ጉልበቴ ይከዳኛል። ሳልፈታ መጫወት እችላለሁ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ትችያለሽ፤ ምግቡ ከታሰበበት። ልምምድ ላይ ያለች ተጫዋች በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ለአንቺ 93 ግራም ማለት ነው። ሳይበስል የተመዘነ 100 ግራም ምስር 25 ግራም፣ 100 ግራም የሽምብራ ሽሮ 20 ግራም፣ 50 ግራም ለውዝ 12 ግራም፣ እንጀራሽ ውስጥ ያለው 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 39 ግራም ያህል ይሰጡሻል። ድምሩ 96 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ወጡን ቀንሰው እንጀራና ሻይ ላይ ስለሚበረቱ ነው።

ከጨዋታ ዋዜማ ጀምሮ ኃይል ሰጪ ምግቡን ከፍ አድርጊ፤ በኪሎ ከ6 እስከ 8 ግራም፣ ማለትም ከ348 እስከ 464 ግራም ካርቦሃይድሬት። የመጨረሻው ማዕድ ከጨዋታው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቀደም ይበል። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ አትጠጪ፤ ከምግቡ የምታገኚውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስድ ያግዱታል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ፤ በምትኩ ከወጡ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ጨምሪ። የወር አበባ ለምታይ ተጫዋች የብረት እጥረት ቅርብ ስለሆነ ጾሙ ሳይገባ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የደም ማነስንና በሰውነት ውስጥ ያለውን የብረት ክምችት የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) ተመርመሪ። ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፤ ሐኪምሽን ጠይቂ። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የልምምዱን ሰዓት ከአሰልጣኝሽ ጋር፣ የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ ክለቤ የሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለኝም። አንድ አንጋፋ ተጫዋች «ትተህ ውጣ፣ ፊፋ ይፈቅዳል» አለኝ። እውነት ነው?
የከፍተኛ ሊግ ተጫዋች

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የፊፋ ደንብ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ውሉን በበቂ ምክንያት እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን መስጠት አለበት። ፊፋ ራሱ የሚዳኘው ደግሞ ዓለም አቀፍ ይዘት ያለውን ክርክር ነው። አንተ የአገር ውስጥ ተጫዋች ስለሆንክ አቤቱታህ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ነው፤ የሚታየውም በፌዴሬሽኑ ደንብና በውልህ ነው። ልምምድ አታቋርጥ፤ ከቀረህ ክለቡ አንተን ውል አፍራሽ ያደርግሃል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፍ፣ ያልተከፈሉትን ወራትና መጠኑን ለይተህ አስፍር፣ አንዱን ቅጂ ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሎ ማኅተምና ቀን እንዲያሳርፍበት አድርግ። የባንክ መግለጫህን አውጣና ከውልህ ኮፒ ጋር አያይዘህ ያዝ።