ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን ጠይቁ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቃችሁ ፋብሪካ ለምትገቡት ነው። ደሴ ላይ ብረታ ብረት ቤት ለከፈታችሁትና ወፍጮ ቤት ለምትሠሩትም ጭምር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጥገና ሙያ፣ በሽመና ማሽኖች መካከል ነው።

የሥራ ቦታ ድምፅን የሚመለከት ደንብ ሲጠብቅ እንጂ ሲላላ አላየሁም። እንግሊዝ በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣችው ደንብ፣ አሠሪው ድምፁን ራሱን እንዲቀንስ የሚገደደው 90 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን የሚለካበት ነው) ሲደርስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 አዲስ መመሪያ አወጣ። በ2006 ሥራ ላይ ሲውል ያ ወሰን 85 ሆነ።

አምስት ቁጥር ምን አላት እንዳትሉ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 90 ላይ ያለው የድምፅ ጉልበት 85 ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓው አሠራር 85 ላይ 8 ሰዓት ከተሠራ፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የሽመና አዳራሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ90 በላይ ነው። አሜሪካ እስካሁን በሕግ 90 ላይ ናት፤ የራሷ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች ግን 85 ይሁን ይላሉ። ጆሮ ደግሞ የትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ አያውቅም።

የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ የሥራ ሁኔታውን የሚፈትሽ የገዢውን ኦዲተርም ማስተናገድ አለበት። ስለዚህ ደንቡ እስኪቀየር አትጠብቁ። አንድ የሽመና ማሽን 20 እና 30 ዓመት ይሠራል፤ ደንቡ ከዚያ በፊት ይቀየራል። አለቃችሁ ማሽን ሊገዛ ሲል የጨረታ ሰነዱ ላይ የድምፅ መጠኑ እንዲጻፍ ሞግቱ። ከተተከለ በኋላ ማፈን ብዙ ወጪ አለው።

ያለውን ማሽን ደግሞ ጠግኑት። ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ቡሎን፣ የሚንቀጠቀጥ የላሜራ ሽፋን፣ አየር የሚያፈስ የኮምፕሬሰር ቱቦ፣ እነዚህ ሁሉ ጩኸት ናቸው። ሽፋኑ ሥር ጎማ አድርጉበት። ኮምፕሬሰሩን ከሰው አርቃችሁ ሌላ ክፍል ውስጥ ትከሉት። ስትለኩ መሣሪያውን ሠራተኛው ጆሮ አጠገብ ያዙት፤ ግድግዳ ላይ የተለካ ቁጥር ማንንም አያድንም።

የጆሮ መሰኪያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብዙ ቦታ ግን የመጀመሪያውም እሱ፣ የመጨረሻውም እሱ ነው። አንድ የማውቀው ፋብሪካ ካርቶን ሙሉ መሰኪያ ገዝቶ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። ልጆቹ ከወለሉ ያነሱትን ጥጥ ጆሯቸው ውስጥ ይወትፉ ነበር። ጥጥ እኮ ምንም ያህል አይከላከልም! ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። መሰኪያውን የሚያወልቁትንም ዝም ብላችሁ አትቆጡ። ማሽኑ ሲበላሽ ድምፁን ሰምተው ማወቅ ስለሚፈልጉ ነው። ልኩን እንዲመርጡና አገባቡን እንዲለምዱ ጊዜ ስጧቸው።

በጩኸት የሚመጣ ጉዳት አያምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። አብሮኝ የሠራ ሰው አለ፤ ዛሬ የመንዙማው ድቤ ይሰማዋል፣ ግጥሙ ግን አይለይለትም። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ አይቶ ነው የሚስቀው። እንደ ወሎ ባለ ጨዋታ በሚወደድበት አገር ይህ ከባድ ነው። የተጎዳው የውስጥ ጆሮ ደግሞ አይመለስም፤ መድኃኒት የለውም።

ከፈረቃ ስትወጡ ጆሯችሁ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ካስፈለጋችሁ፣ መለኪያ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። አዲስ የምትቀጠሩ ደግሞ ማሽን አጠገብ ሳትቆሙ የመስማት ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። ምርመራው ከፈረቃ በፊት ይሁን፤ ከጩኸት የወጣ ጆሮ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ ውጤቱ ይሳሳታል። ከውጤቱም አንድ ኮፒ ተቀብላችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ።